«ብራውኒ ፖይንትስ» ምስጋና ነው ወይስ ሽሙጥ?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ በሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። ሥራ አስኪያጃችን የውጭ ዜጋ ናቸው። ባለፈው ወር የሠራተኞችን ሪፖርት ከቀኑ ቀድሜ ጨርሼ ላክሁላቸው። እሳቸውም "ዩ ሃቭ ኧርንድ ሰም ብራውኒ ፖይንትስ ዊዝ ሄድ ኦፊስ" ብለው ጻፉልኝ። ደስ ብሎኝ "ታንክ ዩ ሰር። አይ ዎንት ቱ ኧርን ሜኒ ብራውኒ ፖይንትስ ባይ ዩ። ማይ ቲም ኦልሶ ዲዘርቭስ ኤ ብራውኒ ፖይንት" ብዬ መለስኩ። ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ አየችውና "ምን ነካሽ? አሽቃባጭ ነኝ ብለሽ እኮ ነው የጻፍሽው" አለችኝ። ሌላው ደግሞ የኬክ ስም ነው አለ። ሰውዬው አመስግነውኝ ነው ወይስ አሹፈውብኝ? አጠቃቀሙስ እንዴት ነው?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። አልተሰደብሽም። ሥራ አስኪያጅሽ የጻፉልሽ መልካም ነገር ነው፤ ፈገግ ብለው ያሉት መልካም ነገር። ያንቺ መልስ ግን ትንሽ ያነክሳል። ሁለቱ ጉድለት የሰዋስው ነው፣ አንዱ የአነጋገር ነው። የሚብሰው የአነጋገሩ ነው። ባልደረባሽም ብትሆን ከመሬት ተነሥታ አልተናገረችም። የኬኩን ነገር ግን ተዪው። ብራውኒ የሚባል የቸኮሌት ኬክ አለ፣ አዲስ አበባ ካፌዎች ውስጥም ይሸጣል፤ እዚህ ጉዳይ ውስጥ ግን እጁ የለበትም።

እኔ ሥራዬ እንግሊዝኛ ማስተማርና መተርጎም ነው። እዚህ ሰሜን ሸዋ ፋብሪካው ከበዛ ወዲህ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ተለውጧል። ድሮ ተማሪው የሚይዘኝ ስለ ፓሲቭ ቮይስ ነበር። አሁን ስልኩን አውጥቶ «አለቃዬ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፣ ተቆጥቶ ነው?» ይለኛል። ለዚህኛው መልሱ ከሰዋስው መጽሐፍ አይገኝም። ያንቺም ጥያቄ ከዚህኛው ወገን ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ብራውኒ ፖይንትስ የትም መዝገብ ላይ የማይሰፍር ነጥብ ነው። ደመወዝ አይጨምርም። የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። እድገት ሲሰጥም ቆጥሮ የሚያቀርበው የለም። አንድ ሰው ባደረግሽው ነገር ደስ ብሎት በልቡ የሚይዝልሽ ነው። እኛ «ዓይኑ ገባች»፣ «ፊት አገኘች»፣ «ሞገስ አገኘች» የምንለው ማለት ነው። ልጆቹ ደግሞ «ነጥብ አስቆጠረች» ይላሉ፤ ከኳስ ሜዳ የመጣ አነጋገር ቢሆንም ለዚህ ነገር ልክክ ይላል።

ሪፖርቱን መሥራት ግዴታሽ ነው። ለእሱ ደመወዝ ይከፈልሻል። ከቀኑ ቀድመሽ መጨረስሽ ግን ማንም ያላዘዘሽ ነገር ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ያንን አይቶ «ጎበዝ» ብሏል። ሥራ አስኪያጅሽ የነገሩሽ ይህንኑ ነው፦ ዋናው መሥሪያ ቤት ዘንድ ስምሽ በደግ ተነሥቷል። ከዚህ በላይ ቃል አልገቡልሽም። ከዚህ በታችም አላዋረዱሽም።

ለሸዋ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ደጅ ጥናትን አስቢው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ወይም አንጎለላ ግቢ ደጃፍ የሚቆም ሰው፣ ለመቆሙ የሚቆረጥለት ነገር አልነበረም። ጠዋት ይመጣል፣ እጅ ይነሣል፣ ይታያል። ማታ ይመለሳል። በማግሥቱም እንደዚያው፤ «ያ ሰው የማን ልጅ ነው?» እስኪባል ድረስ። ሹመቱ ወይም ርስቱ ቢመጣ ከዚያ በኋላ ነው። ያ በየጠዋቱ የሚጠራቀመው መታየት የብራውኒ ፖይንትስ ታላቅ ወንድም ነው። ልዩነታቸው፣ ደጅ ጥናት የምር ነበር። ሰው ዕድሜውን ይጨርስበት ነበር። ብራውኒ ፖይንትስ ውስጥ ግን ሁልጊዜ ጥቂት ቀልድ አለች። ያቺን ቀልድ ከሳትሻት ሐረጉን በትክክል ብትጽፊውም አይሠራልሽም።

አሁን ወደ ጽሑፍሽ። «ባይ ዩ» ብለሻል። የሚባለው «ዊዝ ዩ» ነው።

ይህን የሚስተው ሰው ብዙ ነው፣ ምክንያቱም በአማርኛ እያሰብን ነው የምንጽፈው። «ከእርስዎ ነጥብ ማግኘት» ብለን ስናስብ «ፍሮም» ይመጣብናል። «በእርስዎ» ብለን ስናስብ «ባይ» ይቀድመናል። እንግሊዝኛው ግን ነጥቡን ከሰውዬው እጅ ተቀብለሽ ኪስሽ የከተትሽው አያደርገውም። ነጥቡ እዚያው ሰውዬው ዘንድ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ «ዊዝ»ን «ጋር» ብለሽ አትተርጉሚው። «ዘንድ» ብለሽ ያዢው። «በአለቃዋ ዘንድ ሞገስ አገኘች» በይና ወደ እንግሊዝኛ መልሺው፤ «ዊዝ» ራሱ ይመጣልሻል።

ደግሞም ይህ ለብራውኒ ፖይንትስ ብቻ የተበጀ ሕግ አይደለም። ሉቃስ 2፥52 ላይ ስለ ጌታ ልጅነት «በሞገስም በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ያድግ ነበር» የሚል አለ። የቆየው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያው ቦታ ላይ «ኢን ፌቨር ዊዝ ጎድ ኤንድ ማን» ይላል። የእኛን «ፊት» በ«ዊዝ» ነው ያስቀመጡት። አንድ ተማሪዬ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነበር። ሕጉን በሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጽፌለት አልያዘለትም። ይህን ጥቅስ ካሳየሁት ወዲያ ግን «ዊዝ»ን ስቶ አላየሁትም። «ፖፑላር ዊዝ ስቱደንትስ» ስትይም ያው ነው፤ በተማሪዎች ዘንድ ተወዳጅ።

ሰውዬው በ«ዊዝ» ከገባ፣ ምክንያቱ በ«ፎር» ይገባል። «ሺ ኧርንድ ብራውኒ ፖይንትስ ዊዝ ዘ ማኔጀር ፎር ፊኒሺንግ ኧርሊ።» ቀድማ በመጨረሷ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ነጥብ አስቆጠረች ማለት ነው። ከ«ፎር» ቀጥሎ ግስ ከመጣ «ኢንግ» ይጨመርበታል። «ፎር ፊኒሽ» አይባልም። «ፎር ቱ ፊኒሽ» ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ ይህን ግን ማመልከቻ ላይ ዕለት ዕለት ነው የማየው። «ባይ»ም ቢሆን ከቤት አልተባረረም። ከኋላው ሰው አይምጣ እንጂ ያደረግሽው ነገር ሊመጣ ይችላል፤ «ባይ ፊኒሺንግ ኧርሊ» ትክክል ነው።

ሁለተኛው ጉድለት «ኤ ብራውኒ ፖይንት» ያልሽው ነው። ይህ ሐረግ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል በብዙ ቁጥር ነው የሚሄደው። የሠራሽው አንድ ነገር ብቻ ቢሆንም «ፖይንትስ» ነው። ነጠላው መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ፣ አንዳንድ ሰውም ሆን ብሎ ለቀልድ ይለዋል፤ በኢሜይል ላይ ግን ቆጥሮ እንደሚሰጥ ነገር ያስመስለዋል። «ሜኒ» ያልሽውም በሰዋስው ስህተት የለበትም፣ ግን ጆሮ ይቆረቁራል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑት «ሰም»፣ «ኤ ፌው»፣ «ኤክስትራ»፣ ሲያጋንኑ ደግሞ «ሜጀር» ይሉበታል። ቁጥር ጠርቶ «ቱ ብራውኒ ፖይንትስ ፎር ዩ» ያለ ሰው እየቀለደ ነው፤ አንቺም ሳቂለት።

ግሱን ጥሩ መርጠሻል። «ኧርን» ይባላል፣ «ጌት» ይባላል፣ «ዊን» ይባላል። «ስኮር» ቀለል ያለና የጨዋታ ነው። «ቴክ» እና «ሜክ» ከዚህ ጋር አይሄዱም። «ሉዝ» ይሄዳል፤ የአለቃሽን ስም አሳስተሽ ከጻፍሽ ብራውኒ ፖይንትስ ሉዝ አደረግሽ።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ እንምጣ፦ ማን፣ ስለ ማን፣ ለማን ነው የሚለው? ሐረጉ ያው አንድ ሆኖ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ጠባዩ ይለወጣል።

ስለ ራስሽ ስትናገሪ ቀልድ ነው። ኅዳር ላይ፣ ያ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ባደረበት ጠዋት፣ ቀድመሽ ቢሮ ገብተሽ ለሁሉም ሻይ አፈላሽ እንበል። «ምን ተገኘ ዛሬ?» ይሉሻል። «አይም ጀስት ትራዪንግ ቱ ኧርን ሰም ብራውኒ ፖይንትስ» ብትዪ ሁሉም ይስቃል። ሊሉሽ ያሰቡትን ቀድመሽ ራስሽ አልሽው።

ስለ ሌላ ሰው፣ ሰውዬው በሌለበት ከተነገረ ግን ሐሜት ነው። «ሂ ኢዝ ጀስት ትራዪንግ ቱ ስኮር ብራውኒ ፖይንትስ» ማለት «ተወው ባክህ፣ ለአለቃ እያሽቃበጠ ነው» ማለት ነው። «ጀስት» የምትለዋን ልብ በያት። እሷ ስትገባ ነገሩ ወደ ስድብ ያጋድላል። ባልደረባሽ ሐረጉን የምታውቀው በዚህ በኩል ሳይሆን አይቀርም። ፊልም ላይም፣ ቢሮ ውስጥም ብዙ ጊዜ የሚሰማው በዚህ መልኩ ነው። ስለዚህ አትቀየሚያት። ሰምታ የያዘችው የሳንቲሙን አንድ ገጽ ነው።

አለቃ ለበታቹ ሲለው ቀለል ያለ ሙገሳ ነው። ያንቺ ሥራ አስኪያጅ ያሉት ይህንን ነው።

የበታች ለአለቃው «አንተ ዘንድ ብራውኒ ፖይንትስ ማግኘት እፈልጋለሁ» ሲለውስ? እህቴ፣ ያነከሰው እዚህ ላይ ነው። «ባይ»ን ወደ «ዊዝ» ብትለውጪውም አይድንም። በግልጽ «የምሠራው እርስዎን ደስ ለማሰኘት ነው» ማለት ይሆናል። እርግጥ ሁላችንም አለቃችን ደስ እንዲለው እንፈልጋለን። ግን አፍ አውጥቶ አይነገርም።

ያታለለሽ አማርኛው ይመስለኛል። በአማርኛ «እርስዎ ዘንድ ሞገስ ለማግኘት ሁልጊዜ እተጋለሁ» ብለሽ ብትጽፊ ያምራል። ትሕትና ነው፣ አክብሮት ነው። ሽማግሌ ፊት ብትናገሪው «ያሳደገሽ ይባረክ» ትባያለሽ። እንግሊዝኛው ግን ያንን ክብር የሚሸከም ጀርባ የለውም። «ብራውኒ ፖይንትስ» የጨዋታ ቃል ነው፤ ትልቅ አክብሮት ሲጫንበት ወይ ልጅነት ይመስላል፣ ወይ ማጎብደድ። አለቃን በእንግሊዝኛ ማክበር ከፈለግሽ በዚህ ሐረግ አይሆንም፤ ቀጥ ባለና አጭር ምስጋና ነው።

ከባድ ነገር ላይም አትጠቀሚበት። የታመመ ባልደረባውን ሆስፒታል አድርሶ ሌሊቱን አብሮት ላደረ ሰው «ዩ ኧርንድ ብራውኒ ፖይንትስ» ማለት ውለታውን መናቅ ነው። ሰውዬው ለነጥብ ያደረገው ይመስላል። ወዲህ ደግሞ ሌላ ጠርዝ አለ። ለሥራ ባልደረቦችሽ ዳቦ ጋግረሽ ብትሄጂ ብራውኒ ፖይንትስ ነው። ለገና ከሸኖ ቅቤ አስመጥተሽ ለአለቃሽ ቤት ብትልኪ ግን፣ በዛሬ የቅቤ ዋጋ፣ ነገሩ ወደ መማለጃ ይጠጋል፤ ለእሱ እንግሊዝኛውም ሌላ ቃል አለው፣ «ብራይብ» ይሉታል። (ቅቤን ካነሣን፣ እኛ «ቅቤ አንጓች» ስንል እነሱም መሸንገልን «በተር አፕ» ይላሉ። ምስኪን ቅቤ በሁለቱም አገር ስሙ ጠፍቷል።)

ከየት መጣ? የቃላትን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች አልተስማሙም፣ ግን ጭቅጭቃቸው ራሱ ደስ ይላል።

ብዙ ሰው የሚነግርሽ የልጃገረድ ስካውቶችን ታሪክ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1914 ለትንንሽ ልጃገረዶች የተቋቋመ ክፍል ነበር። መጀመሪያ «ሮዝበድስ» ተባለ፤ የጽጌረዳ እምቡጦች ማለት ነው። ልጆቹ ስሙን አልወደዱትም። በማግሥቱ ዓመት «ብራውኒስ» ተባሉ። ስሙ የመጣው በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ተረት ውስጥ ካለ ፍጡር ነው። ብራውኒ ሌሊት ሰው ሲተኛ መጥቶ የቤቱን ሥራ ሠርቶ የሚሄድ ትንሽ መንፈስ ነው። ወተት ቢያስቀምጡለት ይጠጣል። ልብስ ሰፍተው ከሰጡት ግን ተቀይሞ ይሄዳል፣ አይመለስም። እንግዲህ እነዚህ ልጆች ለበጎ ሥራቸው ነጥብ ይሰጣቸው ነበርና ሐረጉ ከዚያ ወጣ ይላሉ። ታሪኩ ያምራል። አንድ ችግር ግን አለበት። ሐረጉ ቀድሞ በጽሑፍ የተገኘው ከእንግሊዝ ልጃገረዶች ዘንድ አይደለም፤ ከአሜሪካ ወንዶች ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ አለ። እዚያ ላይ ነጥቡን የሚቆጥሩት ባሎች ናቸው፤ ሚስቶቻቸው ዘንድ ያላቸውን ቦታ ለማወቅ። (ይህ አጠቃቀም ዛሬም አለ። ባልሽ ሳይነገረው ውኃ ቀድቶ ቢጠብቅሽ ያው ነው።)

ሌሎች ወደ ባቡር ይወስዱታል። ጆርጅ ብራውን የሚባል ሰው በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የፎል ብሩክ የባቡር መሥመር ኃላፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 አዲስ የቅጣት ሥርዓት አመጣ። ከዚያ በፊት ሠራተኛ ሲያጠፋ ያለ ደመወዝ ይታገድ ነበር። ብራውን ያንን አስቀርቶ ጥፋቱን በመዝገብ ላይ በነጥብ መያዝ ጀመረ። ሠራተኞቹም ነጥቦቹን በስሙ «ብራውኒ» አሏቸው። ልብ በይ፣ ይሄኛው የቅጣት ነጥብ ነው። በበዛ ቁጥር ከሥራ የሚያስወጣ። እንዴት ተገልብጦ የሙገሳ ሆነ የሚለውን የሚያስረዳ ሰው እስካሁን አላረካኝም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ሥጋና ቅቤ የሚታደልባቸው ቡናማ ኩፖኖች ነበሩ፤ ከዚያ ነው የሚሉም አሉ። ደግሞ አንድ ባለጌ መላ አለ። በአሜሪካ ወታደሮች አነጋገር አሽቃባጭ «ብራውን ኖዝ» ይባላል፤ ቡናማ አፍንጫ። አፍንጫው ለምን ቡናማ እንደሆነ እዚህ አልጽፍልሽም፣ አለቃውን ከኋላ ተጠግቶ ከመከተል ብዛት ነው ብለሽ ተረጂው። እኔ ይህ ቃል ወላጁ ባይሆን እንኳ ጎረቤቱ ነው ባይ ነኝ። ሐረጉ ውስጥ ያለችው የሽሙጥ ቅመም ከስካውት ልጆች የመጣች አትመስልም።

ወደ ሥራሽ እንመለስ። «ማይ ቲም ኦልሶ ዲዘርቭስ ኤ ብራውኒ ፖይንት» ስትዪ ልትዪ የፈለግሽው ገብቶኛል። ብቻዬን አልሠራሁትም፣ ልጆቹም ይመስገኑ ነው ያልሽው። መልካም ልብ ነው። ለዚህ ግን የምር ቃል ያስፈልግሻል። ቃሉ «ክሬዲት» ነው።

ክሬዲት ስንል እዚህ አገር ሁለት ነገር ነው የሚታሰበን። አንዱ የባንክ ብድር ነው። ሌላው የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት አወር ነው። ሁለቱም ሰው ቁጭ ብሎ የሚቆጥራቸው ናቸው። ለክሬዲት አወሩ «ስሪ ክሬዲትስ» ትያለሽ፣ ብዙ ቁጥር ይይዛል። ሦስተኛው ግን ለሥራ ባለቤትነት የሚሰጥ እውቅና ነው፤ ይህኛው አይቆጠርም። «ኤ» አይቀድመውም፣ «ኤስ» አይከተለውም። «ማይ ቲም ዲዘርቭስ ክሬዲት ፎር ዚስ» ትያለሽ፤ አለቀ። «ዲዘርቭስ ኤ ክሬዲት» ካልሽ አንድ ነገር ጎደለው። «ዲዘርቭስ ክሬዲትስ» ካልሽ ደግሞ ኮርስ የወሰዱ አስመሰልሻቸው።

ከክሬዲት ጋር የሚሄዱት ግሶች እያንዳንዳቸው ሌላ ሥራ አላቸው። «ጊቭ» እውቅና መስጠት ነው። «ጌት» ማግኘት ነው። «ቴክ» ግን ሁለት ፊት አለው። «ሂ ቱክ ክሬዲት ፎር ማይ ወርክ» ማለት ሥራዬን የራሱ አድርጎ አቀረበው፣ በእኔ ላብ ተመሰገነበት ማለት ነው። ይህ በየቢሮው የሚያስለቅስ ነገር ነው። ይኸው ግስ በአሉታ ሲመጣ ደግሞ ከሁሉ የሚያምር ትሕትና ይሆናል፤ «አይ ካንት ቴክ ኦል ዘ ክሬዲት»፣ ምስጋናው ለእኔ ብቻ አይገባም ማለት ነው። ያንን በአማርኛ ይዘሽው የመጣሽውን ትሕትና እንግሊዝኛው የሚያስተናግደው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ያዢው።

«ዘ ክሬዲት ጎዝ ቱ ማይ ቲም» ብትዪም ጥሩ ነው፣ ትንሽ የመድረክ ንግግር ይመስላል እንጂ። «ኤ ክሬዲት ቱ» የሚል ደግሞ አለ፣ እዚህ ላይ «ኤ» ይገባል። «ዩ አር ኤ ክሬዲት ቱ ዘ ካምፓኒ» ቢሉሽ ለድርጅቱ ኩራት ነሽ ማለታቸው ነው። ይሄኛው ከብራውኒ ፖይንትስ በብዙ ይበልጣል፤ ከተጻፈልሽ አስቀምጪው። «ቱ ኸር ክሬዲት» ብዙ ጊዜ ከወቀሳ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው፤ «ዘግይታ መጣች፣ ግን ምስጋና ይግባትና ይቅርታ ጠየቀች» ሲባል «ምስጋና ይግባትና» በሚለው ቦታ ይገባል። «ኦን ክሬዲት» ደግሞ በዱቤ ነው። «ዊ ዲድ ዚስ ወርክ ኦን ክሬዲት» ብሎ የጻፈ ሰው አውቃለሁ። አለቃው ሥራውን በዱቤ ሠርተን ክፍያ እንጠብቃለን ያለ መስሎት ሒሳብ ክፍል ደወለ።

«ኤክስትራ ክሬዲት»ን ከብራውኒ ፖይንትስ ጋር የሚያምታቱም አሉ። ኤክስትራ ክሬዲት በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ተጨማሪ ሥራ ሠርቶ የሚያገኘው ማርክ ነው። ሮስተር ላይ ይገባል። ብራውኒ ፖይንትስ የትም አይገባም። መምህሩ ሳይመጣ ሰሌዳ የሚያጠፋው ልጅ ሁለተኛውን ነው የሚያገኘው፤ ፈተናው ላይ ከወደቀ ያው ወድቋል።

«ኩዶስ» የሚባለውንም በዚሁ ላንሣልሽ፣ ኢሜይል ላይ ስለሚበዛ። ከግሪክኛ የመጣ ነው፣ ክብር ማለት ነው። መጨረሻው «ስ» ስለሆነ ብዙ ቁጥር ይመስላል፣ አይደለም። «ኩዶ» የሚል ነጠላ አትፍጠሪለት። «ኩዶስ ቱ ዘ ቲም» ካልሽ በቂ ነው። ለእኩያ ይሆናል፣ ለበታች ይሆናል። ወደ ላይ ሲላክ ትንሽ ይደፍራል።

እንግዲህ መልስሽን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ታንክ ዩ፣ ሰር። አይም ግላድ ዘ ሪፖርት ዎዝ ዩዝፉል። አይ ካንት ቴክ ኦል ዘ ክሬዲት፤ ማይ ቲም ወርክድ ሃርድ ኦን ኢት።» ሪፖርቱ በመጥቀሙ ደስ ብሎኛል፣ ምስጋናው ግን ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ቡድኔም ለፍቶበታል ማለት ነው። አጭር ነው። አላጎበደደም። ልጆቹንም አልረሳም።

ሰውዬው ተጫዋች ከሆኑና አንቺም መጫወት ከፈለግሽ፣ ቀልዱን በቀልድ መመለስ ይቻላል። «ግላድ ቱ ሂር ኢት! አይ ሆፕ ዘ ቲም ጌትስ ሰም ቱ።» ቡድኑም ጥቂት እንደሚደርሰው ተስፋ አለኝ ነው። እዚህ ላይ «ብራውኒ ፖይንትስ» የሚለውን መድገም አያስፈልግሽም። «ሰም» ስትዪ ያው ነጥቡን ማለትሽ እንደሆነ ይገባቸዋል፣ ጨዋታውም እንደገባሽ ያያሉ። እኔን ከጠየቅሽኝ ይህኛው ይሻላል። ግን ቅርበት ይፈልጋል። ሰውዬው ደረቅ ከሆኑ የመጀመሪያውን ላኪ።

የላክሽው ኢሜይልስ? ተዪው። የማስተካከያ ኢሜይል እንዳትጽፊ። የውጭ ዜጋ አለቃ ሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍለትን ሰው ስህተት አይቶ ማለፍ ለምዶታል፤ ያልጠየቀው ማብራሪያ ሲመጣለት ነው «ምን ነበር ያለችው?» ብሎ ተመልሶ የሚያነበው። በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ ግን አንድ ነገር አድርጊ። ማን ምኑን እንደሠራ በስም ጠቅሰሽ ላኪ፤ እከሌ የመገኘት መዝገቡን አጣራ፣ እከሊት ሠንጠረዡን አዘጋጀች እያልሽ። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ «ፕሪፔርድ ባይ» ብለሽ ስሙን ማስከተል ነው። እዚህ ላይ «ባይ» እና ሰው አብረው ይሄዳሉ።